ጥላና ጠፍር፤ የሁለት ታናናሽ የካሜራ አጋዦች ታሪክ

በቀትር ፀሐይ ከብቶቹን በማዶው ተረተር ላይ በዐይኑ የሚፈልግ እረኛ መዳፉን ዘርግቶ ከቅንድቡ በላይ ይጋርዳል። ከምንጭ እንስራ ሞልታ አቀበቱን የምትወጣ ሴትም ሸክሟን በጠፍር ከጀርባዋ ጋር አጥብቃ ታስራለች። እረኛው መዳፉን የጋረደው ብርሃን አንሶት አይደለም፤ በዝቶበት ነው። ሴትየዋም ጠፍሩን ያጠበቀችው ጉልበት አጥታ አይደለም፤ ጉልበቷ እንስራውን ጨብጦ በመያዝ ብቻ እንዳያልቅ፣ እግሯም መንገዱን እንዳይስት ነው። ለእይታ የማይረዳውን ብርሃን መከልከልና የተያዘውን ነገር ከአካል ጋር ማስተሳሰር ካሜራ ከመፈልሰፉ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የሰው ልጅ በሥራው ላይ ያገኛቸው ዕውቀቶች ናቸው።

የፎቶግራፍ ካሜራ በተፈለሰፈ ጊዜ እነዚሁ ሁለት ዕውቀቶች ወደ አዲሱ ሙያ ገቡ። አንደኛው በሌንሱ አፍ ላይ የሚገጠመው ከለላ ሲሆን ፎቶግራፍ አንሺዎች «ሁድ» ይሉታል። ሁለተኛው ካሜራውን ከእጅ ጋር የሚያስተሳስረው የእጅ ጠፍር ነው። የፎቶግራፍ ታሪክ ሲጻፍ ግን ሁለቱም እምብዛም አይነሡም። ስለ ታላላቅ ፈልሳፊዎች፣ ስለ ሌንስና ስለ ፊልም ብዙ ይባላል፤ ሌንሱን ከፀሐይ ስለሚጋርደው ቀለበትና ካሜራውን ከመውደቅ ስለሚያድነው ቁራጭ ቆዳ የሚናገር ጥቂት ነው።

ነገር ግን የእነዚህ ሁለት አጋዦች ታሪክ በመሠረቱ የፎቶግራፍ አንሺው የሥራ ሁኔታ ታሪክ ነው። ካሜራ ከመቆሚያው ወርዶ ወደ ሰው እጅ እንዴት እንደ ገባ፣ ከገባም በኋላ እጅና ዐይን ምን ዓይነት ኃላፊነት እንደ ተሸከሙ የሚያስረዳው እርሱ ነው። ይህንንም ጉዳይ ከመነሻው ጀምሮ መመርመር የዲጂታል ካሜራ ለያዘ ሰው ሁሉ የሚጠቅም ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. ካሜራ በሦስት እግሩ ቆሞ ሳለ

የዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴ በዝርዝር ይፋ የሆነው በ1839 ነው። በዚያ ዓመት ኦገስት 19 ቀን ፍራንስዋ አራጎ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በፓሪስ ከተማ በሳይንስና በሥነ ጥበብ አካዳሚዎች የጋራ ስብሰባ ላይ የሉዊ ዳጌርን የሥራ ዘዴ አስረዳ። ወዲያውም አልፎንስ ዢሩ የዳጌርን ካሜራ እየሠራ በ400 ፍራንክ ለገበያ አቀረበ። ካሜራው ሁለት ክፍል ያለው የእንጨት ሣጥን ሲሆን፣ ሌንሱ ሻርል ሸቫልየ የተባለው የመነጽር ባለሙያ የሠራው ነበር።

በዚህ ካሜራ አንድ ሥዕል በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ እስኪቀረጽ ድረስ በጠራራ ፀሐይ እንኳ በርካታ ደቂቃዎች ያስፈልጉ ነበር። ስለዚህ ካሜራን በእጅ ይዞ ፎቶግራፍ ማንሣት ፈጽሞ የሚታሰብ አልነበረም። ሣጥኑ በጠረጴዛ ወይም በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይቀመጣል፤ ተነሺውም ወንበር ላይ ተቀምጦ ማጅራቱን ከኋላው በቆመ የብረት መደገፊያ አስይዞ ሳይነቃነቅ እንዲቆይ ይገደዳል። በዚያን ዘመን መቆሚያው ለካሜራው፣ የብረት መደገፊያው ለሰውየው የተሠሩ ሁለት እግር ብረቶች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሥራ ላይ ያለ ሰው፣ የሚሮጥ ሕፃን፣ የሚነጋገር ገበያተኛ በፎቶግራፍ ሊቀረጹ አልቻሉም። የመጀመሪያዎቹ የከተማ ፎቶግራፎች መንገዶቻቸው ባዶ መስለው የሚታዩት ሰው ስላልነበረ ሳይሆን፣ የተንቀሳቀሰው ሁሉ ምልክት ሳይተው ስላለፈ ነው።

በ1840 ዮሴፍ ፔትስቫል የተባለው የሒሳብ ሊቅ በቪየና ከተማ ለሰው ምስል ማንሻ የሚሆን ሌንስ በሒሳብ ቀምሮ አወጣ። ይህም ሌንስ ከቀድሞዎቹ እጅግ የበለጠ ብርሃን የሚያስገባ ስለ ነበረ፣ የማንሻውን ጊዜ ከደቂቃዎች ወደ ሴኮንዶች ለመቀነስ ታላቅ እርምጃ ሆነ። ሆኖም ብዙ ብርሃን የሚያስገባ በር ለማይፈለገውም ብርሃን በር መሆኑ አልቀረም። የከለላው ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

2. ያልተጠራው ብርሃን

ለመሆኑ በሌንስ ውስጥ የሚገባ ብርሃን ሁሉ ለምን አይጠቅምም? ነገሩን ለመረዳት የመስታወትን ጠባይ ማጤን ያስፈልጋል። ብርሃን ከአየር ወደ ተራ መስታወት ሲገባ፣ ወይም ከመስታወት ወደ አየር ሲወጣ፣ ከመቶው አራት እጅ ያህሉ ሳያልፍ ተንጸባርቆ ይመለሳል። አንድ መስታወት ሁለት ገጽ ስላለው ኪሳራው በሁለቱም በኩል ነው። የፔትስቫል ሌንስ ከአየር ጋር የሚገናኙ ስድስት ገጾች ነበሩት፤ እንግዲህ ከገባው መቶ እጅ ብርሃን ወደ ሰሌዳው በቀጥታ የሚደርሰው 78 ያህሉ ብቻ ነበር።

የጠፋው ብርሃን ጠፍቶ ቢቀር ችግሩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን የተንጸባረቀው ብርሃን በመስታወቶቹ መካከል ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ፣ የሌንሱንም ቱቦ ውስጠኛ ግድግዳ እየመታ፣ በመጨረሻ ከፊሉ ቦታውን ስቶ ሰሌዳው ላይ ያርፋል። በዚህም የተነሣ ሁለት ዓይነት ጉዳት ይደርሳል። አንደኛው በሥዕሉ ላይ ክብ ክብ ወይም ማዕዘን ያላቸው የብርሃን ጠብታዎች መታየታቸው ነው። ሁለተኛው ግን ይበልጥ ስውር ነው፤ ቀጭን ጉም በሥዕሉ ሁሉ ላይ እንደ ወረደ ያህል ጥቁሩ ይገረጣል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ የፊት ገጽታና የልብስ እጥፋት ይለሰልሳል። የመጀመሪያውን ጉዳት ማንም ያየዋል። ሁለተኛውን ግን ብዙዎች የሌንሱ፣ የፊልሙ ወይም የአየሩ ጥፋት አድርገው ይቆጥሩታል።

ለዚህ ሁሉ ምክንያት የሚሆነው ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ በሥዕሉ ክልል ውስጥ የለም። ከጎን ወይም ከላይ መጥቶ የሌንሱን ፊት በሰያፍ የሚመታ የፀሐይ፣ የመስኮት ወይም የመብራት ጨረር ነው። ለሥዕሉ የሚሰጠው ነገር ሳይኖር ጉዳት ብቻ ያደርሳልና ያልተጠራ እንግዳ ሊባል ይገባዋል። በር ላይ ማስቆም ደግሞ ከገባ በኋላ ከማባረር ይቀላል።

የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የሌንስ ሠሪዎች ይህን በልምድ ያውቁ ነበር። በናስ ቱቦ ውስጥ የተገጠሙት የዚያ ዘመን ሌንሶች ብዙዎቹ በፊታቸው የናስ ከለላ ነበራቸው። ከለላ የሌለው ፎቶግራፍ አንሺም መዳፉን ወይም ባርኔጣውን ከሌንሱ በላይ ይጋርድ ነበር። ካሜራው በራሱ እግር ስለሚቆም የሰውየው ሁለት እጆች ነፃ ነበሩና ይህን ማድረግ አያስቸግረውም። ካሜራው ወደ እጅ ሲመጣ ግን ይህ ነፃነት ጠፋ፤ እጅ ሊያደርገው የማይችለውን ጥላ ሌላ ነገር ማድረግ ነበረበት።

3. ከእግር ወደ እጅ

በ1888 ጆርጅ ኢስትማን በአሜሪካ ኮዳክ የተባለውን የሣጥን ካሜራ በ25 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ካሜራው ለ100 ፎቶግራፎች የሚበቃ ጥቅልል ተሞልቶ ይሸጥ ነበር፤ ባለቤቱም ጥቅልሉ ሲያልቅ ሣጥኑን እንዳለ ወደ ሮቸስተር ከተማ ይልካል፣ ሥዕሎቹ ታጥበው ካሜራው እንደገና ተሞልቶ ይመለስለታል። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለው የካርቶን ሣጥን ካሜራ በ1 ዶላር ወጣ። በዚህ ጊዜ ካሜራ ከስቱዲዮ ወጥቶ ወደ ቤተሰብና ወደ መንገድ ገባ። ለእነዚህ ካሜራ ተጠቃሚዎች ይሰጥ የነበረው የታወቀ ምክር «ፀሐይን ከኋላህ አድርግ» የሚል ነበር። ምክሩ ለዘገምተኛው ፊልም የሚበቃ ብርሃን ከማስገኘቱም በላይ ጨረሩ የሌንሱን ፊት እንዳይመታ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ዋጋ አስከፍሏል፤ በስንት የቤተሰብ አልበም ውስጥ የሚገኙ ሰዎች ዐይናቸውን አጨንቁረው የሚታዩት ፀሐይ ከፎቶግራፍ አንሺው ጀርባ ሆና በቀጥታ ስለምትወጋቸው ነው። ሌንሱ የሸሸውን ፀሐይ ተነሺው ተቀበለው።

ለጋዜጠኛ ካሜራው ከዚህ የበለጠ ጉዳይ ነበር። በ1912 በሮቸስተር መሠራት የጀመረው ስፒድ ግራፊክ የተባለው ካሜራ ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ጋዜጠኞች ዘንድ የሙያው መለያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ካሜራው ትልቅና ከባድ ስለ ነበረ በግራ ጎኑ ሰፊ የቆዳ ጠፍር ተሰፍቶለት ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው ግራ እጁን በጠፍሩና በካሜራው አካል መካከል አሾልኮ ክብደቱን በእጁ ጀርባ ይሸከማል፤ ቀኝ እጁ ሰሌዳ ለመለወጥና ሌንሱን ለማስተካከል ነፃ ይሆናል። ጆ ሮዘንታል በፌብሩዋሪ 1945 በአይዎ ጂማ ደሴት የአሜሪካ ወታደሮች ሰንደቅ ዓላማ ሲተክሉ ያነሣው ዝነኛ ፎቶግራፍ በዚህ ዓይነት ካሜራ የተነሣ ነው። እንደዚያ ያለ ቅጽበት ሁለተኛ አይገኝም፤ ካሜራው በዚያች ቅጽበት በእጅ ላይ መገኘት አለበት።

በጀርመን አገር ነገሩ በሌላ አቅጣጫ ተጓዘ። በቬትስላር ከተማ በላይትስ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ኦስካር ባርናክ አስም የነበረበት ሰው ሲሆን ከባድ የሰሌዳ ካሜራ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ያደክመው ነበር። ስለዚህ ክብደቱን የሚሸከም ጠፍር ከመፈለግ ይልቅ ክብደቱን ራሱን ለመቀነስ ተነሣ። የሲኒማ ፊልምን በመጠቀም 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነ ሥዕል የምታነሣ ትንሽ ካሜራ ሠርቶ ሞከረ፤ ይህችም ላይካ ተብላ በ1925 በላይፕሲግ የንግድ ትርዒት ለሕዝብ ቀረበች። በኪስ የምትገባ፣ ወደ ዐይን የምትቀርብ፣ ከሰው አካል ጋር የምትንቀሳቀስ ካሜራ ነበረች። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ የላይካ ዕቃ በቴሌግራም ለማዘዝ የሚያመች አጭር ስም ይሰጥ ነበር፤ ለ50 ሚሊ ሜትሩ ኤልማር ሌንስ የተሠራው ትንሽ ከለላም «ፊሶን» የሚል የራሱ ስም ነበረው። ከለላ ስም ተሰጥቶት በዋጋ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ብቻውን የሚናገረው ነገር አለ።

በ1929 በብራውንሽቫይግ ከተማ የወጣው ሮላይፍሌክስ ደግሞ ማንገቻ ከመሸከም ያለፈ ጥቅም እንዳለው አሳየ። ይህ ካሜራ በደረት ወይም በሆድ አቅራቢያ ተይዞ ከላይ ወደ ታች የሚታይበት ነው። ልምድ ያለው አንሺ ካሜራውን ወደ ታች ሳብ አድርጎ ማንገቻውን በአንገቱ ላይ ይወጥረዋል፤ የተወጠረው ማንገቻና ሁለቱ እጆች በአንድነት እንደ ሦስት እግር ሆነው ካሜራውን ያረጋሉ። መቆሚያው ከመንገድ ላይ ቢቀርም ሕጉ ግን ወደ ሰው አካል ተዛወረ እንጂ አልቀረም።

የማሰሪያ ነገር ምን ያህል ክብደት እንዳለው በግልጥ የታየው ግን ክብደት በማይታወቅበት ስፍራ ነው። በጁላይ 1966 ማይክል ኮሊንስ ከጄሚናይ 10 መንኮራኩር ወጥቶ በጠፈር በሚሠራበት ጊዜ ሃሰልብላድ ካሜራው ከእርሱ ተለይታ ጠፋች። በምድር ላይ የወደቀ ካሜራ ቢያንስ ከመሬት ይነሣል፤ የዚያች ፊልም ግን ከነሥዕሎቹ ቀረ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 1969፣ የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ሲወርዱ ሃሰልብላዳቸው በጠፈር ልብሱ ደረት ላይ በሚገጠም መያዣ የምትታሰር ነበረች። በወፍራም ጓንት የተሸፈነ እጅ ካሜራን አምኖ ሊጨብጥ አይችልምና መላው አካል መያዣ ሆነ።

4. ሽፋንና ከለላ

በዚህ መካከል ያልተጠራውን ብርሃን የሚዋጋ ሌላ ዘዴ እየበሰለ ነበር። ሃሮልድ ዴኒስ ቴይለር የተባለው እንግሊዛዊ የሌንስ ባለሙያ በ1890ዎቹ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ፤ በዕድሜ ብዛት ገጻቸው የወየበ አሮጌ ሌንሶች ከአዲሶቹ የበለጠ ብርሃን ያሳልፋሉ። በሌላ አነጋገር ነጋዴው እንደ ጉድለት የሚቆጥረው ውየባ በእውነቱ ጥቅም ነበር። ቴይለር በ1904 መስታወትን በኬሚካል ለማወየብ የሚያስችል ዘዴ በስሙ አስመዘገበ፤ ውጤቱ ግን በእያንዳንዱ መስታወት ላይ አንድ ዓይነት ሊሆን አልቻለም።

እስከዚያው ድረስ የሌንስ ሠሪዎች እጅ ታስሮ ቆየ። በ1896 ፓውል ሩዶልፍ በየና ከተማ በሚገኘው የሳይስ ፋብሪካ ፕላናር የተባለውን ሌንስ አወጣ። ሌንሱ በአሠራሩ እጅግ የተራቀቀ ቢሆንም ከአየር ጋር የሚገናኙ ስምንት ገጾች ስለ ነበሩት በውስጡ የሚመላለሰው ብርሃን ሥዕሉን ያደበዝዝ ነበር። ከመቶው 28 እጅ ያህሉ በነጸብራቅ ይባክናል። ስለዚህም ያው ሰው በ1902 ያወጣው ስድስት ገጽ ብቻ ያለው ቴሳር ተወዳጅ ሲሆን ፕላናር ለረጅም ጊዜ ወደ ጎን ተተወ። ያልተጠራ ብርሃን አንድን ጥሩ የፈጠራ ሥራ ለአርባ ዓመት ያህል አግዶ አቆየው ማለት ነው።

መፍትሔው በ1935 ተገኘ። በዚሁ በሳይስ ፋብሪካ የሚሠራው የዩክሬን ተወላጅ አሌክሳንደር ስማኩላ በአየር አልባ ዕቃ ውስጥ ማዕድን በማትነን መስታወትን እጅግ በሳሳ ሽፋን የሚለብጥበትን ዘዴ አስመዘገበ። ሽፋኑ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺህኛ ያህል የሚሆን ውፍረት አለው። ከሽፋኑ ላይና ከሥሩ የሚንጸባረቁት ሁለት የብርሃን ሞገዶች እርስ በርሳቸው ስለሚጣፉ ነጸብራቁ ይቀንሳል። ዘዴው መጀመሪያ ላይ በወታደራዊ ምሥጢርነት ተይዞ ነበር፤ ሰፊ የሰላም ጊዜ ጥቅም ላይ የዋለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የፕላናር ዓይነት ሌንሶችም እንደገና ሕይወት የዘሩት በዚህ ሽፋን ነው። በ1971 የጃፓኑ አሳሂ ኦፕቲካል በፔንታክስ ካሜራዎቹ ሌንሶች ላይ ተደራራቢ ሽፋን በመጠቀሙ ከእያንዳንዱ ገጽ የሚመለሰው ብርሃን ከመቶ አንድ እጅ በታች ሆነ።

እንግዲያው ከለላው ሥራ ፈትቶ ይሆን? በጭራሽ። ሽፋኑ ገብቶ የተሳሳተውን ብርሃን ይቀንሳል፤ ከለላው ግን መግባት የሌለበትን ያስቀራል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። እንዲያውም ሽፋኑ በመገኘቱ የሌንስ ሠሪዎች ድፍረት አገኙና የመስታወቶቹን ብዛት ጨመሩ። በዛሬው ጊዜ በ13 ቡድን የተደራጁ መስታወቶች ያሉት፣ ማለት ከአየር ጋር የሚገናኙ 26 ገጾች የያዘ፣ የሚያቀርብና የሚያርቅ ሌንስ መኖሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ያለ ሽፋን ቢሆን ኖሮ ከዚህ ሌንስ የሚያልፈው ብርሃን ከመቶው 35 እጅ እንኳ አይሞላም ነበር። ሽፋኑ ችግሩን ካቃለለ በኋላ ችግሩ ራሱ በሌላ በኩል አደገ፤ የጥላ አስፈላጊነትም አብሮ ቀጠለ።

5. የዲጂታል ዘመን

በ1975 ስቲቨን ሳሶን የተባለው የኮዳክ መሐንዲስ የመጀመሪያውን ራሱን የቻለ ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ካሜራው 3.6 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር፤ የሥዕሉ ነጥቦች 10,000 ብቻ ሲሆኑ አንዱን ሥዕል በካሴት ላይ ለመቅረጽ 23 ሴኮንድ ይወስድበት ነበር። በ1991 ኮዳክ ለጋዜጠኞች ያወጣው የዲጂታል ካሜራ ደግሞ በኒኮን ኤፍ 3 አካል ላይ የተሠራና 1.3 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ነበር። ሥዕሎቹ የሚጠራቀሙበት ዲስክና ባትሪው ግን ለብቻው በትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ሌላ ሣጥን ውስጥ ነበሩ። ጋዜጠኛው በአንገቱ ካሜራ፣ በትከሻው ሣጥን፣ በመካከላቸውም ገመድ ይዞ ይሮጥ ነበር። ካሜራ ከሣጥን ወደ እጅ ለመድረስ በፊልም ዘመን የተጓዘውን መንገድ በዲጂታል ዘመን እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነበረበት።

ሣጥኑ ብዙም ሳይቆይ ወደ ካሜራው ውስጥ ገባ፤ በ1999 የወጣው ኒኮን ዲ 1 ለጋዜጠኛ የሚሆነውን ሁሉ በአንድ አካል አጠቃልሎ ይዞ ነበር። ይሁን እንጂ ትልቁ ዲጂታል ካሜራ ከረጅም ሌንሱ ጋር ሲሆን ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ከቀኝ እጅ ጀርባ ላይ የሚያልፈው የእጅ ጠፍር ተፈላጊ የሆነው ስለዚህ ነው። የጠፍሩ አንድ ጫፍ በካሜራው ቀኝ ትከሻ ላይ ባለው የማንገቻ ቀለበት ይታሰራል። ሌላው ጫፍ የሚገባበት ቦታ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል፤ በካሜራው ሆድ ሥር በሚገኘው፣ ስፋቱ ሩብ ኢንች በሆነው የብሎን ቀዳዳ ነው። ይህ ቀዳዳ የተበጀው ለባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ ነበር። መቆሚያው ካሜራውን ይጨብጥበት በነበረው ቦታ ዛሬ የሰው እጅ ገብቶ ታስሯል። ካሜራ ከእግር ወደ እጅ የተሻገረበት ታሪክ በሙሉ በዚያች ትንሽ ቀዳዳ ተጠቃልሎ ይገኛል።

በብርሃንም በኩል ዲጂታል ካሜራ አዲስ ችግር ይዞ መጣ። ፊልም ገጹ ደብዛዛ ስለሆነ ብርሃንን እምብዛም አያንጸባርቅም። ሴንሰር የሚባለው የዲጂታል ካሜራ ብርሃን ተቀባይ ግን በፊቱ የሚያብረቀርቅ መስታወት ስላለው የደረሰውን ብርሃን ከፊሉን ወደ ሌንሱ ጀርባ መልሶ ይልካል፤ ሌንሱም እንደገና ወደ ሴንሰሩ ይመልሰዋል። በዚህ የተነሣ ሌንስ ሠሪዎች የኋለኛውን መስታወት ሽፋን እንደገና ለማሻሻል ተገደዱ።

«ሥዕሉ ቢደበዝዝ በኮምፒዩተር ይስተካከላል» የሚል አስተሳሰብም ከዲጂታል ጋር አብሮ ተስፋፍቷል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። የገረጣውን ጥቁር ማጥቆር ይቻላል፤ ነገር ግን ያልተጠራው ብርሃን በጨለማው ክፍል ላይ ከተደፋ በኋላ በዚያ የነበረው ስስ ዝርዝር በነጥብ ነጥብ ሁካታ ተውጦ ይቀራል። ኮምፒዩተሩ ጉሙን ሲገፍፍ ሁካታውንም አብሮ ያጎላዋል። እንደዚሁም በ1995 በካኖን ሌንስ ላይ የወጣው፣ በኋላም በብዙ ካሜራዎች የተስፋፋው መንቀጥቀጥን የሚያስተካክል ዘዴ የእጅን መንቀጥቀጥ ቢቀንስም፣ የደከመ እጅ የለቀቀውን ካሜራ ከአየር ላይ አይቀልብም።

6. ታሪኩ ለሥራ የሚሰጠው ትምህርት

ከዚህ ታሪክ በቀጥታ የሚመነጩ አንዳንድ የሥራ ትምህርቶች አሉ። ከሁሉ በፊት ከለላ ለሌንሱ የተለካ መሆን አለበት። 24 በ36 ሚሊ ሜትር በሆነ ሥዕል ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በአግድም 40፣ በቁም 27፣ ከማዕዘን ማዕዘን ደግሞ 47 ዲግሪ ያህል ያያል። የአንዳንድ ከለላዎች ጠርዝ እንደ አበባ ቅጠል ተቆርጦ የሚሠራው ስለዚህ ነው፤ የሌንሱ እይታ በሚጠብበት በላይና በታች ይረዝማል፣ በሚሰፋበት በማዕዘኖቹ ያጥራል። ይህ ከለላ ዞሮ ከተገጠመ ራሱ ወደ ሥዕሉ ክልል ገብቶ ማዕዘኖቹን ያጠቁራል። ሰፊ የሚያይ ሌንስ አጭር ከለላ፣ ሩቅ የሚያቀርብ ሌንስ ረጅም ከለላ ያስፈልገዋል፤ የአንዱን ለሌላው ማዋል ወይ ከንቱ ይሆናል፣ ወይ ይጎዳል።

ከለላው በቦርሳ ቦታ እንዳይፈጅ ወደ ኋላ ተገልብጦ ሊገጠም ይችላል። በሥራ ላይ ሳሉ ከለላቸውን እንደ ተገለበጠ ትተው ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይታያሉ። ያ ሁኔታ ጃንጥላን አጥፎ በብብት ይዞ በዝናብ እንደ መሄድ ነው። በትክክል የተገጠመ ከለላ ግን ከጥላነቱም በላይ የሌንሱን ፊት ከጣት አሻራ፣ ከዝናብ ጠብታና ከግጭት ይጠብቃል። በአንጻሩ በካሜራው ራስ ላይ ያለው ፍላሽ በሚበራበት ጊዜ የከለላው ጥላ በሥዕሉ ግርጌ ሊያርፍ ስለሚችል ያን ጊዜ ማውለቅ ይገባል።

ለኢትዮጵያ ደጋ ይህ ጉዳይ ልዩ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ግድም፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የቀትር ፀሐይ በዓመቱ ሰፊ ክፍል ከአናት አካባቢ አትርቅም፤ አየሩም ስስ በመሆኑ ብርሃኑ ብርቱ ነው። ከላይ የሚወርደውን ይህን ብርሃን ከለላው ያስቆማል። ነገር ግን የከለላውን ወሰንም ማወቅ ያስፈልጋል። በጥምቀት በዓል ነጠላ የለበሰ ሕዝብ በሥዕሉ ክልል ውስጥ ሞልቶ ሲያበራ፣ ያ ብርሃን የተጠራ እንግዳ ነውና ከለላ አያስቀረውም። በዚያን ጊዜ መፍትሔው የአንሺው ፍርድ ነው፤ አቋቋም መለወጥ፣ ሰዓት መምረጥ፣ የብርሃኑን መጠን ለነጩ ልብስ መቀነስ።

የእጅ ጠፍርም እንዲሁ ወሰን አለው። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ጣቶችን ያደነዝዛል፤ ከላላ ጥቅም የለውም። እጅ በውስጡ እንዳለ አመልካች ጣት ያለ ችግር ወደ ማንሻው ቁልፍ መድረስ አለበት። ቀኝ እጅ በጠፍሩ ታስሮ ሳለ ግራው ሌንሱን ከሥር መደገፉን መተው የለበትም፤ ጠፍሩ የሁለተኛው እጅ ምትክ አይደለምና። በሥሩ የገባው ብሎን ከጊዜ ብዛት ስለሚላላ፣ ቀለበቱም ስለሚበላ፣ ሁለቱን ከሥራ በፊት በጣት መፈተሽ ያስፈልጋል። ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው የአንገት ወይም የትከሻ ማንገቻ ይበልጣል፤ የእጅ ጠፍር ለመሸከም ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ለመሆን የተበጀ ነው።

7. ማጠቃለያ

የፎቶግራፍ መሣሪያ ከ1839 ጀምሮ ብዙ ተለውጧል። የመዳብ ሰሌዳው ለፊልም፣ ፊልሙ ለሴንሰር ቦታውን ለቅቋል። በአንጻሩ ግን ከለላው አሁንም ውስጡ የጠቆረ ቀለበት ነው፤ ጠፍሩም አሁንም ሁለት ጫፍ ያለው ማሰሪያ ነው። ያልተለወጡበት ምክንያት ተረስተው ስለ ቀሩ አይደለም። የሚያገለግሉት ጉዳይ፣ ይኸውም የብርሃን አካሄድና የሰው እጅ ድካም፣ ስላልተለወጠ ነው።

የአንድ ሙያ ታሪክ በታላላቅ ፈልሳፊዎች ስም ብቻ ሲጻፍ በየቀኑ በሥራ ላይ የሚውሉት ታናናሽ ነገሮች ይቀራሉ፤ ከእነርሱም ጋር የሠሪው ላብና ጥንቃቄ ሳይጻፍ ይቀራል። በትምህርት ቤት የፎቶግራፍ ክበብ ውስጥ ለአንድ ወጣት ካሜራ ሲሰጠው በቅድሚያ የሚነገረው ስለ ነጥቦቹ ብዛት ነው። ከዚያ በፊት በፀሐይ ላይ አቁሞ መዳፉን ከሌንሱ በላይ እንዲጋርድና እንዲያነሣ፣ ሳይጋርድም እንዲሁ ደግሞ እንዲያነሣና ሁለቱን ሥዕሎች እንዲያስተያይ ማድረግ ይሻላል። በአንደኛው ጥቁሩ ጥቁር፣ ፊቱም ፊት ሆኖ ይታያል፤ በሌላው ጉም ወርዷል። ያ ወጣት ስለ ከለላ ሁለተኛ ማስረዳት አያስፈልገውም። እረኛው በተረተሩ ላይ ያለ አስተማሪ የተማረውን እርሱም በገዛ እጁ ተምሮታልና።